የኩላሊት ሕመምተኛና የደም ሥሩ

ኩላሊት ደምን አጥርቶ ቆሻሻውን በሽንት የሚያስወግድ የሰውነት ክፍል ነው። ሁለቱም ኩላሊቶች ሥራቸውን ካቆሙ ደሙ በመሣሪያ ይታጠባል። ሆላንዳዊው ሐኪም ዊለም ኮልፍ መሣሪያውን እ.ኤ.አ. በ1943 ቢሠራም፣ በየእጥበቱ የደም ሥር ይቆረጥ ስለ ነበር ሥሮቹ ፈጥነው ያልቁ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1966 ግን ብሬሺያና ቺሚኖ ከባልደረቦቻቸው ጋር በኒውዮርክ አዲስ ዘዴ አስታወቁ። ይኸውም በእጅ አንጓ አጠገብ፣ ከልብ ደም የሚያመጣውን ደም ቅዳ ወደ ልብ ከሚመልሰው ደም መልስ ጋር በስፌት ማገናኘት ነው። ደም መልሱ በሚደርሰው ብርቱ ግፊት እየሰፋና እየጠነከረ ይሄዳል፤ ከሳምንታት በኋላም የተደጋገመ መርፌን ይችላል። ሥሩ ለዚህ የማይበቃ ከሆነ ሰው ሠራሽ ቱቦ ከቆዳ ሥር ይቀበራል፤ አለዚያም በአንገት ደም መልስ ቱቦ ይገባል። የአንገቱ ቱቦ ግን ለደም መመረዝ ይበልጥ ያጋልጣል።

ስለዚህ የተሠራውን ሥር መጠበቅ ያሻል፤ ይህም ከታላላቅ ሆስፒታሎች ርቆ ለሚኖር ሰው ይበልጥ ይጸናል። ከናይሮቢም ከአዲስ አበባም ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ በምትርቀው በሞያሌ ለሚኖር ሕመምተኛ፣ የተደፈነ ሥር ረጅም ጉዞን ሊያስከትል ይችላል። በዚያ ክንድ ደም አይቀዳበት፤ የደም ግፊት አይለካበት፤ ከባድ ሸክም አይንጠልጠልበት። ሕመምተኛው በየማለዳው ሥሩን በጣቱ ዳስሶ ንዝረቱን ይወቅ፤ ንዝረቱ ከጠፋ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይሂድ።

ጥያቄዎች
1. የ1966ቱ ዘዴ የትኛውን ችግር አቃለለ?
2. «ሳይውል ሳያድር» የሚለውን ሐረግ በዓረፍተ ነገር አግቡ።