ተቃዋሚ የሌለበት ድምፅ
የአላባማ ሕግ መወሰኛ ምክር ቤት በአካባቢ ሕጎች ላይ ድምፅ የሚሰጥበት አሠራር

ስለ ምክር ቤቶች ሥራ ሲነገር ብዙ ጊዜ በአሳባችን የሚመጣው ረዥም ክርክርና በጥቂት ድምፅ ልዩነት የሚያልፍ ሕግ ነው። ነገር ግን የአንድ ከተማ ወሰን የት ላይ እንደሚያልፍ፥ የአውራጃው ሹም ደመወዝ ስንት እንደሚሆን፥ ነዋሪው ምን ያህል ቀረጥ እንደሚከፍል የሚወሰነው አብዛኛውን ጊዜ ማንም ሳይከራከር በደቂቃዎች ውስጥ በሚያልቅ ድምፅ ነው። የሕግና የአስተዳደር ተማሪ ይህን ጸጥ ያለ ድምፅ ችላ ሊለው አይገባም። ለምሳሌ የአሜሪካን የአላባማን ግዛት እንመልከት። ዓመታቱ ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከአምሳዎቹ የአሜሪካ ግዛቶች መካከል ከነብራስካ በቀር ሁሉም ሁለት ምክር ቤቶች አሏቸው። እነዚህንም በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን በአገራችን በነበሩት ስሞች የሕግ መወሰኛና የሕግ መምሪያ ብንላቸው ይስማማል፤ ልዩነቱ ግን በአሜሪካ የሁለቱም አባሎች በሕዝብ የሚመረጡ መሆናቸው ነው። በአላባማ ሴናተሮቹ 35፥ የሕግ መምሪያው እንደራሴዎች 105 ናቸው።

ከተሞችና አውራጃዎች ለምን ወደ ምክር ቤቱ ይሄዳሉ? መሠረቱ በ1868 ጆን ዲለን የተባሉ የአይዋ ግዛት ዳኛ ያብራሩት ትምህርት ነው። በእርሳቸው አሳብ ማዘጋጃ ቤት የግዛቱ ምክር ቤት ፍጡር ስለሆነ፥ ምክር ቤቱ ከሰጠው ሥልጣን በቀር ሌላ ሥልጣን የለውም። ሥልጣን የሰጠ ሊነሣም ይችላል ማለት ነው። ይህን ትምህርት ያጠበቁ ግዛቶች አሉ፤ ያላሉትም አሉ። በ1901 የወጣው የአላባማ ሕገ መንግሥት ለአውራጃዎች እጅግ ጥቂት ሥልጣን የተወ በመሆኑ ከ900 ጊዜ በላይ ተሻሽሏል፤ ከማሻሻያዎቹም አብዛኞቹ የሚመለከቱት አንድን አውራጃ ወይም አንድን ከተማ ብቻ ነው።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። ለአንድ አካባቢ ብቻ የሚሆን ረቂቅ ከመቅረቡ በፊት ማስታወቂያው በዚያው አውራጃ በሚታተም ጋዜጣ ላይ በሳምንት አንድ ጊዜ ለአራት ተከታታይ ሳምንታት መውጣት አለበት። ከዚያም በየምክር ቤቱ በሦስት ልዩ ልዩ ቀኖች ይነበባል፤ በመጨረሻውም የደገፉትና የተቃወሙት በስም ተጽፈው ድምፅ ይሰጥበታል። በወረቀት ላይ ሲታይ ጥንቃቄ የተሞላበት ሥርዓት ነው።

ሆኖም ከተጻፈው ሥርዓት በላይ የሚሠራ ያልተጻፈ ልማድ አለ፤ «የአካባቢ ይሉኝታ» ልንለው እንችላለን። የዚያ አውራጃ ተወካዮች ከተስማሙበት የቀሩት አባሎች ወይ ይደግፋሉ ወይ ድምፅ ሳይሰጡ ዝም ይላሉ። «እኔ በአንተ አውራጃ ጉዳይ አልገባም፤ አንተም በእኔ አትግባ» እንደ ማለት ነው። ልማዱ ያለ ምክንያት አልተፈጠረም። ከሰሜን አላባማ የመጣ ሴናተር በደቡብ ጫፍ ስላለች ከተማ የውሃ ቦርድ ምን ያውቃል? ሁሉም በሁሉም ይከራከር ቢባል የምክር ቤቱ ጊዜ አይበቃም። እንግዲህ ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ጉዳቱን ግን የተስኪጊ ከተማ ታሪክ ያሳየናል።

ተስኪጊ የምትገኘው በማኮን አውራጃ ነው። በ1950ዎቹ ከአውራጃው ሕዝብ ከመቶ ሰማንያ በላይ የሚሆነው ጥቁር ነበረ። በ1881 የተመሠረተው የተስኪጊ ተቋም ብዙ ምሁራን ያፈራ ስለ ነበረ የጥቁር መራጮች ቁጥር ከጊዜ ወደ ጊዜ ማደግ ጀመረ። በ1957 አውራጃውን የሚወክሉት ሴናተር ሳም ኤንግልሃርት የከተማይቱን ወሰን የሚለውጥ የአካባቢ ሕግ አቀረቡ። አራት ማዕዘን የነበረችው ከተማ 28 ጎን ያላት ቅርጽ ሆነች። ከ400 ያህል ጥቁር መራጮች ከአራት ወይም ከአምስት በቀር ሁሉም፥ ተቋሙም ጭምር፥ ከወሰኑ ውጭ ሲቀሩ አንድ ነጭ መራጭ እንኳ አልወጣም። ረቂቁ ቁጥር 140 ተብሎ ሲጸድቅ ተቃዋሚ ድምፅ አልነበረበትም። ይሉኝታው ሥራውን ሠራ፤ የአካባቢው ተወካይ ፈልጎታልና። ነገር ግን አካባቢውን የወከለው ማን ነበረ? አብዛኛው ነዋሪ እንዳይመርጥ በተከለከለበት አገር የተመረጠ ሰው ነበረ።

የተቋሙ መምህር ቻርልስ ጎሚሊዮን ከባልንጀሮቻቸው ጋር ከሰሱ። ኅዳር 1960 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሙሉ ድምፅ ለእነርሱ ፈረደ፤ ግዛት የከተማን ወሰን ለመወሰን ሰፊ ሥልጣን ቢኖረውም ሰውን በዘሩ ምክንያት ድምፅ ለመንሣት ሊጠቀምበት አይችልም አለ። በ1961 የቀድሞው ወሰን ተመለሰ። ከጠበቆቻቸው አንዱ ፍሬድ ግሬይ በ1970 ለአላባማ ሕግ መምሪያ ምክር ቤት ተመረጡ።

ሁለተኛው ጉድለት የሴናተሮቹ አከፋፈል ነበረ። እስከ 1960ዎቹ ድረስ የምርጫ ክልሎቹ የተመሠረቱት በ1900 ሕዝብ ቆጠራ ላይ ነበረ። ከ600,000 በላይ ሕዝብ ያለው የጄፈርሰን አውራጃ አንድ ሴናተር፥ 15,417 ሕዝብ ያለው የላውንዝ አውራጃም አንድ ሴናተር ነበራቸው፤ አርባ አንድ ለአንድ ማለት ነው። ሰኔ 1964 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የሁለቱም ምክር ቤቶች ወንበር በሕዝብ ብዛት እንዲደለደል አዘዘ።

ታዲያ ይሉኝታው ከተሞችን ሁልጊዜ ይጠብቃልን? አይጠብቅም። የካቲት 2016 የበርሚንግሃም ከተማ ምክር ቤት በሰዓት ዝቅተኛውን የሥራ ዋጋ ከ7.25 ወደ 10.10 ዶላር ከፍ አደረገ። በሁለት ቀን ውስጥ የግዛቱ ሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ከተሞች እንዲህ ያለ ደንብ እንዳያወጡ የሚከለክለውን ሕግ አጸደቀ፤ አገረ ገዥውም ፈረሙበት። ሕጉ የቀረበው ለመላው ግዛት እንደሚሆን ሕግ ስለ ነበረ «የአካባቢው ተወካዮች ምን ይላሉ?» የሚለው ጥያቄ አልተነሣም። እንግዲህ ጉዳዩ የአካባቢ ነው ወይስ የግዛት ብሎ የሚሰይመው ያው ምክር ቤት ነው፤ በስያሜውም የድምፁ ውጤት ከወዲሁ ይወሰናል።

ከዚህ የምንማረው የድምፅ ቁጥር ብቻውን ፍርድ እንደማይሆን ነው። «በሙሉ ድምፅ አለፈ» ሲባል ሁሉም መርምረው ተስማሙ ማለት ሊሆን ይችላል፤ ማንም አልመረመረም ማለትም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ እጅ ከመቁጠራችን በፊት ሦስት ነገር እንጠይቅ፤ ጉዳዩን የአካባቢ ወይም የግዛት ያለው ማነው? የአካባቢው ተወካይ የተመረጠው በእነማን ነው? ሕጉ የሚያርፍባቸው ሰዎችስ በዚያ ምርጫ ድምፅ ነበራቸውን? የተስኪጊ ነዋሪዎች ለሦስተኛው ጥያቄ መልስ ለማግኘት ከሁለት ዓመት በላይ በፍርድ ቤት ደጅ ጠንተዋል።