ለመለኪያዎች የሚቆም ማዕከላዊ አማላጅ

ጥያቄ፦ የመጋዘናችንን የሙቀት መለኪያዎች በአንድ ማዕከላዊ ፕሮክሲ ለማስተዳደር ምን ላስቀድም?

መልስ፦ ከሁሉ አስቀድሞ መለኪያዎቹ ከቢሮው ኮምፒውተሮች ተለይተው፣ ወደ ኢንተርኔት የሚወስደው መንገድ ሁሉ ተዘግቶባቸው፣ ከፕሮክሲው ጋር ብቻ እንዲነጋገሩ ማድረግ ይገባል፤ በ2016 እ.ኤ.አ. ሚራይ የተባለው እኩይ ፕሮግራም እጅግ ብዙ ካሜራዎችንና ራውተሮችን ማርኮ ለጥፋት ያሰለፈው ቴልኔት የተባለው የርቀት መግቢያቸው ለዓለም ክፍት ሆኖ፣ የፋብሪካው የይለፍ ቃልም ሳይለወጥ በመቅረቱ ነበርና። ለአማላጅነቱ እንደ ሞስኪቶ ያለ የኤምኪውቲቲ (የመልእክት ማስተላለፊያ ፕሮቶኮል) አገልጋይ ይበቃል፤ ነገር ግን ምስጢር በማይጠብቀው በፖርት 1883 ፈንታ በቲኤልኤስ ምስጠራ የሚጠበቀውን 8883ን ይምረጡ፤ ለእያንዳንዱም መለኪያ የየራሱን የምስክር ወረቀት ይስጡ፣ አንዱ ቢሰረቅ የእርሱን ብቻ ይሽራሉና። ብዙዎች የሚዘነጉት ግን ሰዓት ነው፦ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ሰዓቱ ወደ 1970 የሚያፈገፍግ መለኪያ፣ የአገልጋዩን የምስክር ወረቀት ገና ያልጸና ነው ብሎ ስለማይቀበል፣ በፕሮክሲው ላይ ሰዓት የሚያስተካክል የኤንቲፒ አገልግሎት ያኑሩ።