«ቀድሜ ያወቅኋት እኔ ነበርኩ»

ይድረስ ለምክር አምድ፤

የምጽፍልዎት ነገር ለራሴም ያሳፍረኛል፤ ግን የምነግረው ሰው አጣሁ። የ34 ዓመት ሴት ነኝ፤ አዲስ አበባ ውስጥ ባንክ እሠራለሁ። የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ሽሮ ሜዳ በአንዲት ጠባብ ክፍል የሐበሻ ልብስ የምታሠራ ሴት አገኘሁ። ያኔ ሁለት ሸማኔዎች ብቻ ነበሯት። ጥለቷ የማንንም አይመስልም ነበር፤ ጥቁርና የማር ቀለም፣ ሳይበዛ፣ ከታች ብቻ። ለፋሲካ አንድ፣ ለእንቁጣጣሽ አንድ እያልኩ ከእሷ ሌላ ዘንድ አላሠራሁም። ያየኝ ሁሉ «ከየት ነው?» ይለኛል፤ እኔም አድራሻዋን እየሰጠሁ፣ ፎቶዬን ፌስቡክ ላይ እየለጠፍኩ ደንበኛ አመጣሁላት።

ዛሬ ትልቅ ሱቅ ከፍታለች። ቲክቶክ ላይ ስሟ የማይነሳበት ቀን የለም። ሚዜ ሁሉ የእሷን ይለብሳል፤ ከዋሽንግተንና ከዱባይ ሳይቀር ያዟታል። ጥለቷ በጨርቅ ላይ ታትሞ በየመንገዱ በርካሽ ይሸጣል። ደስ ሊለኝ ሲገባ ልብሱን ሳየው ያስጠላኝ ጀመር።

በቅርቡ የወንድሜ ልጅ ክርስትና ነበር። የወንድሜ ሚስት ያንኑ ልብስ ለብሳ፣ «እንዳንቺ ለበስኩልሽ!» እያለች እየሳቀች መጣች። ሚስትየዋ ከገጠር ነው የመጣችው፤ በአለባበስ እኔን ትከተላለች። እኔም እናቷ ባሉበት «አሁንማ የገበያው ሁሉ ልብስ ሆኗል» አልኳት። ፊቷ ልውጥ አለ። ከዚያ ወዲህ ደውላልኝ አታውቅም። ልብሶቼን በሙሉ ሻንጣ ውስጥ ከተትኳቸው። የሱቁ ባለቤት ስትደውልልኝም አላነሳም። ምቀኛ ሆኜ ነው? ወይስ የወደዱትን ነገር ሰው ሁሉ ሲወደው መጥላት በሌላውም ሰው ያለ ነው?

ሰ. ከአዲስ አበባ

ውድ ሰ.፣

ምቀኛ አይደለሽም። ምቀኛ አድራሻ አይሰጥም፤ አንቺ በአፍሽም በፎቶሽም ገበያዋን አድምቀሻል። ይህን ማስቀደሜ ለማጽናናት ብቻ አይደለም። ራሱን በማይገባው ስም የሚወቅስ ሰው እውነተኛውን ጥፋቱን የሚያይበት ጊዜ አያገኝም። የአንቺ ጥፋት ሌላ ቦታ ላይ ነው፤ እደርስበታለሁ።

ለጥያቄሽ መልሱ አዎ ነው፤ በብዙ ሰው ያለ ነገር ነው። ሃርቪ ላይበንስታይን የተባለ የምጣኔ ሀብት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1950 ባወጣው ጥናት፣ ሌላው ስለገዛ የሚገዙ ሰዎች እንዳሉ ሁሉ ሌላው ስለገዛ መግዛት የሚያቆሙም እንዳሉ ጽፏል። ዕቃው ያው ነው፣ ዋጋውም ያው ነው፤ የገዢው ብዛት ብቻ ይለወጥና ፍላጎታቸው ይቀንሳል። ይህን ማወቅ ትንሽ ያሳርፍሽ ይሆናል። ነገር ግን የአንቺ ነገር በብዛት ብቻ የሚያልቅ ስላልመሰለኝ አንድ ሌላ ታሪክ ልጨምርልሽ።

እ.ኤ.አ. በ2004 የብስክሌተኛው የላንስ አርምስትሮንግ የካንሰር ድርጅት ቢጫ የጎማ አምባር አውጥቶ በ1 ዶላር ይሸጥ ጀመር፤ በጥቂት ጊዜ ውስጥም ዓለምን አዳረሰ። ጆና በርገርና ቺፕ ሂዝ የተባሉ ተመራማሪዎች ይህን አምባር ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ወስደው በአንድ ማደሪያ ለሚኖሩ ተማሪዎች ሸጡላቸው። ቀጥለው ደግሞ በአጠገባቸው ላሉ፣ ከደብተራቸው ቀና የማይሉ እየተባሉ ለሚታወቁ ተማሪዎች ሸጡ። ያኔ ከመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች መካከል አምባሩን የሚያወልቁ በዙ። ልብ በይ፤ አምባሩን ሚሊዮኖች ሲያደርጉት ምንም አልመሰላቸውም ነበር። ያወለቁት ጎረቤቶቻቸው ሲያደርጉት ነው። ያስፈራቸው ብዛቱ ሳይሆን ከእነዚያ ልጆች እንደ አንዱ መቆጠሩ ነበር።

አሁን ወደ ደብዳቤሽ ልመለስ። የሱቁን ማደግ፣ ሚዜዎቹን፣ ቲክቶኩን ዘርዝረሻል። እነዚህን ሁሉ አይተሽ ልብሱን መልበስሽን አላቆምሽም። ልብሶቹ ሻንጣ የገቡት ከክርስትናው በኋላ ነው። ስለ ወንድምሽ ሚስት ስትጽፊ ደግሞ ማንም ሳይጠይቅሽ «ከገጠር ነው የመጣችው» ብለሽ ጨምረሻል። ስለ ሌላ ስለማንም ከየት እንደመጣ አልጻፍሽም። ይህችን ዓረፍተ ነገር ደጋግሜ አነበብኳት፤ የነገሩ ሥር እዚህ ያለ ይመስለኛል። ልብሱን ዋሽንግተን ያለች ሴት ስትለብሰው ቅር አለሽ፤ እሷ ስትለብሰው ግን ቆሰልሽ። ይህን የምጽፍልሽ ላዋርድሽ ብዬ አይደለም። ደብዳቤ ጽፈሽ ምክር የጠየቅሽ ሴት እውነቱን የመሸከም አቅም አላት ብዬ ስለማምን ነው።

እስቲ ከእሷ በኩል ሆነሽ አስቢው። ወደ እናንተ ቤተሰብ የመጣች ሴት ናት፤ በባሏ እህት ዓይን ለመግባት ትፈልጋለች። ምን ያህል ገንዘብ አጠራቅማ ያን ልብስ እንዳሠራች አላውቅም፤ ሽሮ ሜዳ በእጅ የተሠራ ቀሚስ ግን በርካሽ እንደማይገኝ አንቺም እኔም እናውቃለን። ለልጇ ክርስትና፣ በሕይወቷ ትልቅ ከሚባሉት ቀኖች በአንዱ፣ ከዚያ ሁሉ ልብስ የአንቺን መረጠች። ቃሏንም አንቺው ጽፈሽልኛል፤ «ለበስኩልሽ» ነው ያለችው። አንቺ ግን እናቷ ፊት የገበያ ልብስ ነው አልሻት። እህቴ፣ ከሁሉ የከፋው ይህ ነው። የልብስ ጥላቻ ቀስ ብሎ ያልፋል፤ በእናት ፊት የደረሰ ውርደት ግን ካሳ ይፈልጋል።

ስለ ሱቁ ባለቤት ደግሞ የምለው አለኝ፤ እዚህ ላይ ከፍርድ ይልቅ ኀዘን ይሰማኛል። የአንቺም ኀዘን እውነተኛ ነውና። በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ያገኘሽው ልብስ ብቻ አልነበረም። ሁለት ሸማኔ ብቻ ካላት ሴት ዘንድ የሚሄድ ደንበኛ ቁጭ ይላል፣ ቡና ይጠጣል፣ «ይህ ክር ይሻላል ወይስ ያኛው?» ተብሎ ይጠየቃል። ለሌላው የማይነገር ነገር ይነገረዋል። ዛሬ ያ ክፍል የለም። ትልቁ ሱቅ ውስጥ ስትገቢ የምትቀበልሽ ምናልባት ስምሽን የማታውቅ ሻጭ ናት፤ ተራም ትጠብቂ ይሆናል። «ቀድሜ ያወቅኋት እኔ ነበርኩ» የሚለው ስሜትሽ ከትዕቢት ብቻ የመጣ አይደለም፤ አንድ ወዳጅነት በሰው ብዛት ተሸፍኖብሻል። ሰው በዚህ ቢያዝን አልፈርድበትም።

ግን ያንን ኀዘን ሴትዮዋ ላይ ልታራግፊው አይገባም። የሸማ ሥራን ኑሮ ጠይቀሽ ታውቂያለሽ? ሽሮ ሜዳ በሽመና ጉድጓድ ላይ ተቀምጠው የሚሸምኑት ብዙዎቹ ከጋሞ ደጋ የመጡ ናቸው፤ ሙያውን ከአባቶቻቸው የወረሱ። ገበያው የበዓልና የሠርግ ገበያ ነው፤ ከፋሲካ፣ ከጥምቀትና ከእንቁጣጣሽ ውጭ ባሉት ወራት ይቀዘቅዛል። ጥሩ ጥለት ያለው ቀሚስ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይፈጃል። ሁለት ሸማኔ ያላት ሴት አንድ ታማኝ ደንበኛ በዓመት ሁለት ልብስ ስላሠራችላት ብቻ ኪራይ መክፈል አትችልም። አንቺ የወደድሻት ያቺ ትንሽ ክፍል ለእሷ የጭንቀት ክፍል እንደነበረች አትጠራጠሪ።

ለዚህም ሙዚቀኛውን ኃይሉ መርጊያን አስቢው። ከዋሊያስ ባንድ ጋር የአዲስ አበባን ሆቴሎች ያደመቀ የኪቦርድና የአኮርዲዮን ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከባንዱ ጋር አሜሪካ ሄዶ እዚያው ቀረ፤ በ1985 «ሸሞንሟናዬ» የተባለውን ካሴት ሠራ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ እየነዳ ኖረ፤ ተሳፋሪ በሚጠብቅበት ሰዓት መኪናው ውስጥ ኪቦርዱን አውጥቶ ይለማመድ ነበር። ካሴቱን ያልረሱ ወዳጆቹ እንደ ምሥጢር ይዘውት ነበር ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2013 አንድ አሜሪካዊ አሳታሚ ካሴቱን እንደገና አወጣው፤ የማያውቀው ዓለም ሰማው፤ ሰውየው ዳግም መድረክ ላይ ወጣ፣ በ2018 ደግሞ «ላላ በሉ» የተባለ አዲስ አልበም አቀረበ። ምሥጢሩ ምሥጢር ሆኖ ቢቀር ለወዳጆቹ ደስታ ነበር፤ ለእሱ ግን የታክሲ ወንበር ነበር። የምንወዳቸው ሰዎች ለእኛ ደስታ ሲሉ ትንሽ ሆነው የመቅረት ዕዳ የለባቸውም።

በአንጻሩ በገዢው የሚያፍር ሻጭም አለ። እንግሊዝ ውስጥ በርበሪ የተባለው ልብስ ሠሪ ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ1856 ጀምሮ የቆየ ነው፤ ባለ መስመር ጨርቁ የጌቶች ምልክት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ የእግር ኳስ ደጋፊዎችና የሠራተኛ ሰፈር ወጣቶች ያን መስመር ሲለብሱ ጋዜጣው ሁሉ ሳቀባቸው። ኩባንያውም በ2004 ባለ መስመሩን ኮፍያ ከገበያ አወጣ፤ መስመሩንም በልብሶቹ ላይ ቀነሰ። ንግዱ አትርፎበታል። እኔ ግን ያ ኮፍያ የተወሰደበትን ወጣት አስባለሁ፤ ገንዘቡን ከፍሎ የገዛውን ነገር እሱ ስለለበሰው ብቻ አስቀያሚ ሆነ ተባለ። ያንቺ ሴትዮ እንደዚያ ባለማድረጓ፣ ለሚዜውም ለወንድምሽ ሚስትም እኩል በመሥራቷ፣ ከድሮው ይበልጥ ልትወጂያት ይገባ ነበር።

አንድ ነገር ግን አጣሪ። ያስጠላሽ የልብሱ መብዛት ነው ወይስ ልብሱ ራሱ ተለውጧል? ሁለቱ ይለያያሉ። ሥራ ሲበዛ ጥራት የሚወርድበት ጊዜ አለ፤ ድሩ ይሳሳል፣ ፈትሉ ቀርቶ የፋብሪካ ክር ይገባል፣ ጥለቱ በችኮላ ይሠራል። የዘጠኝ ዓመቱን ቀሚስሽንና የአሁኑን አጠገብ ለአጠገብ ዘርጊያቸውና በእጅሽ ዳስሺያቸው። ጥራቱ ወርዶ ካገኘሽው ሂጂና ንገሪያት፤ ከሁለት ሸማኔ ጀምሮ የምታውቃት ደንበኛ ስትነግራት ትሰማለች፤ ሌላ የሚነግራት ላይኖር ይችላል። በየመንገዱ የሚሸጠው የታተመው ጨርቅ ደግሞ የእሷ ሥራ አይደለም። ገልብጠሽ እዪው፤ በእጅ የተሸመነ ጥለት ክሩ በጀርባውም አለ፣ የታተመው ግን በጀርባው ደብዝዞ ወይም ባዶ ሆኖ ይቀራል። በእሱ ብትቆጪ ቁጣሽ ትክክል ነው። የእሷንና የሸማኔዎቹን እንጀራ የሚቀማ ነውና፣ ቁጣው ከእሷ ጋር የሚያቆምሽ እንጂ ከእሷ የሚያርቅሽ አይደለም።

ልብሱን የግድ ውደጂው አልልሽም። ዘጠኝ ዓመት የለበሱት ቀለም ሊሰለች ይችላል፤ ሌላ ቀለም አሠሪ፣ ሌላ ባለሙያም ሞክሪ፣ ሻንጣውንም እስክትናፍቂው ድረስ ተይው። ያ የአንቺ ምርጫ ነው፤ ለማንም ምክንያት መስጠት የለብሽም። የሌላውን ምርጫ ማንቋሸሽ ግን የአንቺ መብት አይደለም።

ለባለሱቋ ስልክ መልሺላት። ተለውጠሻል ብለሽ አትክሰሻት፤ ናፍቀሽኛል በያት። ሰው በማይበዛበት ሰዓት፣ ጠዋት በጊዜ፣ ሂጂና ቡና ጠጡ። ያኔ ካልተቀበለችሽ ሱቁ ብቻ ሳይሆን ሴትዮዋም ተለውጣለች ማለት ነው፤ አንቺም ያለ ጸጸት ትለዪያታለሽ። እንደ እኔ ግምት ግን እስካሁን የምትደውልልሽ ደንበኛ ስለጠፋባት አይደለም።

ከእሷ በፊት ግን የወንድምሽ ሚስት ትቀድማለች። በስልክ አይሆንም፤ በወንድምሽ በኩልም አትላኪባት። ቤቷ ሂጂ፤ ቢቻል እናቷ ያሉበትን ቀን ምረጪ፤ ያዋረድሻት እሳቸው ፊት ነውና ይቅርታውንም እሳቸው ይስሙት። ስለ ቲክቶክ፣ ስለ ገበያው፣ ስለ ጥለቱ መብዛት ማብራሪያ አታብዢ፤ «አጥፍቻለሁ፣ አምሮብሽ ነበር» ብትያት ይበቃል። ከዚህ እሑድ አታሳልፊው።