የሰማይ ምልክትና የእኛ ፍርሃት

ንባብ፦ ኤርምያስ 10፥1-5፤ ዘፍጥረት 1፥14-19፤ መዝሙር 147፥1-6

በዚህ ሳምንት የምናጠናው ስለ ሰማይ ነው። ወደፊት የምንገባበትን መንግሥተ ሰማይ ማለቴ አይደለም። በሙቀቱ ምክንያት አልጋችንን ግቢ አውጥተን ስንጋደም ከላያችን የምናየውን ይሄን ሰማይ ማለቴ ነው። ካላክላ መብራት ሲጠፋ ደግሞ አጥርቶ ይታያል፤ መብራቱም እንደምታውቁት አይሰንፍም፣ ይጠፋል።

በኤርምያስ ምዕራፍ 10 እግዚአብሔር ሕዝቡን፣ ጎረቤቶቻችሁ በሰማይ ላይ በሚያዩት ነገር ሲርዱ አይታችሁ እናንተም አትራዱ ብሎ ያስጠነቅቃል። ይህ ቃል ለማን እንደተነገረ ልብ በሉ። ባቢሎን ልትማርከው ለደረሰች፣ ከአገሩ ሊነቀል ለተቃረበ ሕዝብ ነው። የባቢሎን ሰዎች ደግሞ በከዋክብት ንባብ የታወቁ ነበሩ፤ ጨረቃ ስትጨልም፣ ኮከብ ሲወረወር “ይህ ለንጉሡ ነው፣ ይህ ለአገሩ ነው” እያሉ ይጽፉ ነበር። አገሩን ያጣ ሰው እንዲህ ያለ ወሬ ቶሎ ይይዘዋል። ነገ ምን እንደሚሆን የሚነግረው ስለሌለ፣ “እኔ እነግርሃለሁ” ያለውን ሁሉ ይሰማል። እኛስ?

እስቲ እዚሁ ሱዳን ውስጥ የሆነ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በፈረንጆቹ ኦክቶበር 6 ቀን 2008፣ በእኛ መስከረም 26 ቀን 2001 ዓ.ም፣ አሜሪካ አሪዞና ውስጥ ተራራ ላይ ባለ ቴሌስኮፕ ሰማይን የሚከታተሉ ሰዎች አንድ ትንሽ ነገር ወደ ምድር ሲመጣ አዩ። አስትሮይድ ይሉታል፤ በፀሐይ ዙሪያ የሚዞር ድንጋይ ማለት ነው። “2008 ቲሲ3” የሚል ስም ሰጡት። ወርዱ 4 ሜትር ያህል ነበር፣ እኛ አምስት ስድስት ሆነን የምንከራያትን አንዷን ክፍል ማለት ነው። ክብደቱ ግን 80 ቶን ይገመታል። አስልተው “ሱዳን ሰሜን፣ የኑብያ በረሃ ላይ ይወድቃል” አሉ። ከታየ 20 ሰዓት ያህል ቆይቶ፣ መስከረም 27 ሊነጋ ሲል፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከ46 ላይ እንደተባለው መጣ። ሰው በጠፈር ያለ ድንጋይ ሳይወድቅ አስቀድሞ አይቶ፣ የሚወድቅበትን ተናግሮ፣ እንደተናገረው ሲሆን ያ የመጀመሪያው ነበር።

ድንጋዩ ሳይደርስ 37 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ፈነዳ። በዋዲ ሃልፋ በኩል የነበሩ ሰዎች ብርሃኑን አይተዋል። ማንም አልተጎዳም። በኋላ የካርቱም ዩኒቨርሲቲው ዶክተር ሙዓዊያ ሻዳድ ተማሪዎቻቸውን ይዘው፣ ፒተር ጄኒስከንስ ከሚባል ከአሜሪካ ከመጣ ተመራማሪ ጋር፣ በዲሴምበር 2008 ወደ በረሃው ወጡ። መሣሪያቸው ምን ነበር መሰላችሁ? እግርና ዓይን። ተማሪዎቹ ጎን ለጎን ተሰልፈው አሸዋውን እያዩ ተራመዱ፤ ጥቁር ድንጋይ ያየ ይጣራል። እንዲህ እየተባለ በተደጋጋሚ ፍለጋ 600 ያህል ስብርባሪ ተገኘ፤ ሁሉም ተደምሮ ግን 10 ኪሎ ትንሽ ቢያልፍ ነው። ከ80 ቶን 10 ኪሎ! ሌላው አየር ላይ ተቃጥሎ ዱቄት ሆኗል። ስሙንም አልማሃታ ሲታ አሉት። ዓረብኛ የምትሰሙ ታውቁታላችሁ፣ “ስድስተኛው ጣቢያ” ማለት ነው፤ ከዋዲ ሃልፋ በረሃውን አቋርጦ በሚመጣው ባቡር መንገድ ላይ ያለች ትንሽ ጣቢያ ነች።

በድንጋዩ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን አልማዞች ተገኝተዋል። በ2018 የወጣ ጥናት እንደሚለው አልማዞቹ የተሠሩት ሜርኩሪን ወይም ማርስን በሚያህል፣ ኋላ በተሰባበረ ፈለክ ውስጥ ሳይሆን አይቀርም። የፈረሰ ቤት ስባሪ ነው በሉት። ይሄን ሳውቅ ስለ እኛም አሰብኩ፤ ምሳሌ ማብዛት ግን አልወድም፣ ወደ ነገሬ ልመለስ።

ባደግኩበት አገር ተወርዋሪ ኮከብ ሲያልፍ ትልልቆቹ “አንድ ነፍስ ወጣች” ይሉ ነበር። ልጅ ሆነን እናማትብ ነበር። ነገሩ ግን ኮከብ አይደለም። አብዛኛው የአሸዋ ቅንጣት የሚያህል ብናኝ ነው፤ በኃይለኛ ፍጥነት ወደ አየራችን ሲገባ ይቃጠላል፣ ያበራል፣ አለቀ። በየሌሊቱ አለ። ሰውም በየሌሊቱ ይሞታል፤ ሁለቱ ግን አይተዋወቁም።

የፀሐይን ቤተሰብ ስፋት ለማወቅ እህቶቻችን የሚጋግሩበትን ምጣድ አስቡ። ፀሐይ አንድ ምጣድ ትሁን። ምድራችን ያን ጊዜ አንዲት የምስር ፍሬ ናት፤ የምትቀመጠውም ከምጣዱ 60 ሜትር ያህል ርቃ ነው። ጨረቃ የጤፍ ፍሬ ናት፣ ከምስሯ ከስንዝር ባነሰ ርቀት ትዞራለች። ትልቁ ፈለክ ጁፒተር ሎሚ ያክላል፣ 300 ሜትር ርቆ። የመጨረሻው ኔፕቱን ደግሞ ወደ ሁለት ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ ምጣዱን ካላክላ ላፋ ብታስቀምጡት፣ ኔፕቱንን ለማግኘት ራክሻ መያዝ ያምራችኋል። በማርስና በጁፒተር መካከል እነዚያ አስትሮይዶች ተበትነዋል። ከእነሱ ትልቁ ሴሬስ እንኳ በዚህ ልክ ከጤፍ ያንሳል። በሱዳን የወደቀው ድንጋይማ በጭራሽ አይታይም።

እውነተኛው ርቀት ከእኛ እስከ ፀሐይ 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ነው። ብርሃኗ ወደ እኛ ለመድረስ ከ8 ደቂቃ በላይ ይፈጅበታል። በፀሐይ ዙሪያ ስምንት ፈለኮች አሉ፤ ትምህርት ቤት ዘጠኝ ብለን የተማርን ፕሉቶን በ2006 ሳይንቲስቶች ከቁጥሩ እንዳወጡት እንወቅ። አጥቢያ ኮከብ የምንላት ደግሞ ቬነስ ናት፣ እዚህ “ዙህራ” የሚሏት። ኮከብ ሳትሆን የፀሐይን ብርሃን የምትመልስ ፈለክ ነች፤ ሙቀቷም ከ460 ዲግሪ ይበልጣል። በካላክላ ሙቀት የምታማርሩ እሷን አስቡ።

አሁን ዘፍጥረት 1ን ክፈቱ። ስለ አራተኛው ቀን ሲናገር “ፀሐይ” እና “ጨረቃ” የሚሉትን ስሞች አይጠራም፤ ትልቁ ብርሃንና ትንሹ ብርሃን ብሎ ያልፋል። ለምን? እስራኤል የወጡት ከግብፅ ነው። በግብፅ ፀሐይ አምላክ ነበረች። ሙሴ ለእነዚያ ከባርነት ለወጡ ሰዎች፣ ጌቶቻችሁ የሰገዱለት ነገር የተሰቀለ መብራት ነው እያላቸው ነው። ሥራውም ተነግሯል፤ ሊያበራ፣ ቀንና ዘመንን ሊያስቆጥር። የሰውን ዕድል ሊወስን የሚል አታገኙም። ዘዳግም 4፥19ም ይህንኑ ያጠብቃል።

ይሄን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። በመካከላችን ኮከብ ቆጣሪ ዘንድ የሚሄዱ አሉ፤ እንዳላየሁ ሆኜ ማለፍ አልችልም። በስም የማልጠራት አንዲት እህት ፕሮሰሷ ቢዘገይባት የጆሮ ወርቋን ሸጣ ሄደች። ሌላ ወንድም “ኮከብህ በዚህ ወር መንገድ ይወዳል” ተብሎ ከኦምዱርማን በሊቢያ መንገድ ተነሣ። እናቱ እስከ ዛሬ እየደወለች ትጠይቀናለች። ምን እንበላት?

ቆጣሪው እንዴት እንደሚያሰላ ታውቃላችሁ? የእናንተንና የእናታችሁን ስም ፊደል በቁጥር ይደምራል፣ ለ12 ይገድፋል፣ የተረፈውን “ኮከብህ ይህ ነው” ይላል። ወገኖቼ፣ ሰውየው እኮ አንድ ጊዜ እንኳ ቀና ብሎ ሰማይ አላየም! አሪዞና ያሉት ድንጋይ ለማግኘት ሌሊት ሙሉ ሰማይ ሲያዩ ያድራሉ፤ ይሄኛው ክፍሉ ውስጥ ሆኖ የእናታችሁን ስም ይደምራል። በ12 ከተከፈልን ደግሞ ካላክላ ካለነው አበሾች ስንቱ አንድ ኮከብ ሊሆን ነው? አንዱ ካናዳ ገባ፣ አንዱ በከሻ ተይዞ ታሰረ፤ ኮከባቸው አንድ ነበር።

መዝሙር 147 እግዚአብሔር ከዋክብትን እንደሚቆጥርና በየስማቸው እንደሚጠራ ይናገራል። ከዚያ በፊት ያለውን ቁጥር ግን ሰዎች ይዘሉታል። የተበተኑትን የሚሰበስብ፣ ልባቸው የተሰበረውን የሚጠግን እሱ ነው ይላል። ቁጥራችን ካርድ ላይ ብቻ ለሆነብን ሰዎች እነዚህ ሁለት ቁጥሮች አብረው ቢነበቡ ይሻላል።

ስለ ፀሐይ ግርዶሽም ተጠይቄአለሁ። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም፣ እሑድ ጠዋት፣ ላሊበላ ላይ ጨረቃ ፀሐይን ሸፍና ዳር ዳሩ ብቻ እንደ ቀለበት ሲያበራ ታይቷል። ያኔ “መጨረሻው ደረሰ” ያሉ ነበሩ። ነገር ግን ቀኑና ሰዓቱ ከብዙ ዓመት በፊት ተሰልቶ የታወቀ ነበር። የሚመጣውም ታውቋል፤ ኦገስት 2 ቀን 2027 ግብፅ ሉክሶር ላይ ፀሐይ ከስድስት ደቂቃ በላይ ፈጽማ ትሸፈናለች፤ እኛ ጋ በከፊል ይታያል። ያን ጊዜ ማንም “ራእይ አየሁ” ብሎ ገንዘብ እንዳይሰበስብባችሁ ከአሁኑ ጻፉት።

ዓይናችሁን ግን ጠብቁ። በራጅ ፊልም፣ በተጠቀረ ጠርሙስ፣ በጥቁር መነጽር ፀሐይን ማየት ዓይን ያጠፋል፤ ሲጎዳ አያምም፣ በኋላ ነው የሚታወቀው። ልጆች ካሉ ካርቶን በመርፌ ብሱና ፀሐይን ጀርባ ሰጥታችሁ ብርሃኑን መሬት ላይ አሳርፉት፤ የተቆረሰችው ፀሐይ አፈሩ ላይ ትታያለች። የኒም ዛፍ ካለም ከሥሩ በቅጠሎቹ መካከል የሚወርደው ብርሃን ሁሉ ያንኑ ቅርጽ ይይዛል።

እስከዚያ በየዓመቱ የምታዩት አንድ ነገር አለ። በካርቱም በሚያዝያ መጨረሻና በነሐሴ መጀመሪያ ፀሐይ በቀትር ልክ አናታችን ላይ ትቆማለች፤ ቀጥ ብሎ የተተከለ እንጨት ጥላ ያጣል። በሁለቱ መካከል ባሉት ወራት ደግሞ የቀትር ጥላ ወደ ደቡብ ይዞራል። ግቢያችሁ ውስጥ እንጨት ተክላችሁ ከልጆች ጋር ተመልከቱ።

ለሚቀጥለው ሳምንት ኢዮብ 38ን ከቁጥር 31 እስከ 33 አንብባችሁ ኑ። ማንበብ የማይችል ካለ በአጠገቡ ያለው ያንብብለት። የምንነጋገርበት ጥያቄ ይህ ነው፦ ኢዮብ ስለ ልጆቹና ስለ ቁስሉ ጠይቆ ሳለ፣ እግዚአብሔር ስለ ከዋክብት ለምን ጠየቀው?