የጎማ ደመወዝ

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፤

በነሐሴ ደውለህ «ጋሼ፣ ማስታንግ ገዛሁ!» ስትለኝ ደስታህን ላለማደፍረስ «በሰላም ንዳው» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። አሁን ጥቅምት ተጋምሷል፤ የሚኒያፖሊስ ዛፎችም ቅጠላቸውን ጨርሰዋል። ያኔ የዋጥሁትን ዛሬ ካልነገርሁህ እናትህን በምን ዓይኔ አያታለሁ?

አዲስ አበባ ሳለሁ ሰማያዊና ነጭ ላዳ ታክሲ ነድቻለሁ፤ እዚህም 20 የበረዶ ወቅት መሪ ጨብጬ አሳልፌያለሁ። ላዳና ማስታንግ ዘመድ ናቸው ብልህ ትስቃለህ። ግን ሁለቱም ሞተራቸው ከፊት፣ የሚገፋቸው ጎማ ከኋላ ነው። ላዳ አቅም ስለሌላት ጥፋትህን ታልፍልሃለች፤ ያንተው ግን ለጥፋትህም ጉልበት ይጨምርለታል። ስለዚህ ስማኝ።

1. መኪናህ ከኋላ እንደሚገፋ አትርሳ።

መርካቶ ውስጥ የእጅ ጋሪ የሚገፋ ሰው አይተሃል። ፈረስ የሚጎትተው ጋሪ ፈረሱን ተከትሎ ይሄዳል፤ ከኋላ የሚገፋው ግን ገፊውን ጭቃ ትንሽ ካዳለጠው ወደ ጎን ይዞራል። ፊት ጎማው የሚጎትት መኪና የሞተሩ ክብደት በሚጎትተው ጎማ ላይ ስለሚያርፍ ሲነሣ መንገዱን ይጨብጣል፤ ቢከዳህም አብዛኛውን ጊዜ አልታጠፍ ብሎ ወደ ፊት ይንሸራተታል። ያንተው ሲከዳህ ጭራው ፊቱን ሊቀድም ይፈልጋል። ይህ ጠባዩ ነው፤ ጉድለት አትበለው። ፊት ጎማ የሚጎትት መኪና እዚህ አገር ሳይበዛ፣ ከእ.ኤ.አ. 1980ዎቹ በፊት፣ ሰዉ ሁሉ ማለት ይቻላል በኋላ ጎማ ነበር በረዶውን የሚያልፈው።

2. ጎማ ደመወዝተኛ ነው።

ከዚህ ሁሉ አንዱን ብቻ የምትይዝ ከሆነ ይህን ያዝ። ጎማ መንገዱን የሚይዝበት አቅም የተወሰነ ነው። ለመፍጠን ከዚያው ትቆርጣለህ፣ ለመቆም ከዚያው፣ ለመታጠፍም ከዚያው። ደረቅ አስፋልት ላይ ደመወዙ ሙሉ ነው፤ በተረገጠ በረዶ ላይ ወደ ሩብ፣ በመስታወት በረዶ ላይ ወደ አንድ ዐሥረኛ ይወርዳል። ደመወዝህ ሩብ ቢሆን የቤት ኪራይ፣ ዕቁብና ለአገር ቤት የምትልከውን በአንድ ቀን ትከፍላለህ? አትችልም፤ ተራ ታስይዛለህ። መንዳትም እንዲሁ ነው። ከመታጠፊያው በፊት መሪው ቀጥ እንዳለ ፍሬን ያዝና ፍጥነትህን ጨርስ። ከዚያ ፍሬኑን ልቀቅና ታጠፍ። መኪናው ቀጥ ማለት ሲጀምር ነዳጅ ስጥ። እየታጠፉ ፍሬን መርገጥ ወይም እየታጠፉ ነዳጅ መጨመር በሌለህ ገንዘብ መግዛት ነው።

3. መጀመሪያ ጎማ፣ ሌላው ሁሉ በኋላ።

«ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» ይባላል። መኪናህ የመጣበት ጎማ የበጋ ጎማ ነው። ላስቲኩ ከ7 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች እየደረቀ ይሄዳል፤ ብርዱ ሲጠና እንደ ፕላስቲክ ይሆናል፣ ሊሰነጠቅም ይችላል። ስለዚህ ጎኑ ላይ ባለ ሦስት ጫፍ ተራራና በውስጡ የበረዶ ቅንጣት የተሳለበትን የበረዶ ጎማ ግዛ። ላስቲኩ በብርድም እንደለሰለሰ ይቆያል፤ ጥርሱ ላይ ያሉት ቀጫጭን ስንጥቆችም በረዶውን ይነክሳሉ።

አራቱንም ቀይር። «የሚገፋው ኋላ ነው፣ ሁለት ይበቃኛል» የሚል ብልጥ አይጠፋም። መሪውም፣ አብዛኛው የፍሬን ሥራም ያለው ፊት ጎማ ላይ መሆኑን ረስቶ ነው። መኪናህ የሚቀበለው ከሆነ ጠበብ ያለ ጎማ ምረጥ፤ ሰፊው በረዶው ላይ ሲንሳፈፍ ጠባቡ ሰንጥቆ ይወርዳል። ጥርሱ ከ4 ሚሊሜትር በታች ሲሆን ለበረዶ አርጅቷል። ነፋሱንም በየጊዜው አስለካ፤ ሙቀቱ በ5 ወይም በ6 ዲግሪ ሴልሺየስ በወረደ ቁጥር 1 ፒ.ኤስ.አይ. ግድም ይቀንሳል። ብረት ጥርስ ያለውን ጎማ ግን ተወው፤ ሚኔሶታ ለነዋሪዋ አትፈቅድም።

4. «በረዶ» የምንለው አንድ አይደለም።

እኛ ከሰማይ እንደ ጠጠር የሚወርደውንም፣ እንደ ጥጥ የሚበነውንም፣ ውሃ ረግቶ የሚሆነውንም በአንድ ቃል በረዶ እንላለን። ጎማህ ግን ይለያቸዋል። ትኩስና ደረቁ፣ ሲረገጥ የሚንኮሻኮሸው፣ ከሁሉም የዋህ ነው። የሚያሳስተው 0 ዲግሪ አካባቢ ያለው ነው፤ ላዩ ቀልጦ ውሃ የያዘ በረዶ በጣም ያዳልጣል። እሱ የሚመጣው «ዛሬ ሞቅ ብሏል» ብለህ በምትዝናናበት ቀን ነው።

ጥቁር በረዶ የሚሉት ደግሞ መስታወት ሆኖ አስፋልቱን ስለሚያሳይ እርጥብ መንገድ ይመስልሃል። ድልድይ ላይ ጠብቀው፤ ከሥሩ አፈር ስለሌለ ከሌላው መንገድ ቀድሞ ይረጋል። ብርዱ ሲከፋ መብራት ያለበት መስቀለኛ መንገድም ላይ አለ፤ የቆሙት መኪኖች ከማርሚታቸው የሚተፉት እንፋሎት እዚያው ወርዶ ይረጋል። ጨው ተበትኗል ብለህ አትተማመን፤ ብርዱ ከዜሮ በታች 9 ዲግሪን አልፎ ሲወርድ ተራው ጨው ሥራው ይደክማል።

5. እግርህን አለስልስ።

እንቁላልም ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል። ስትነሣ በ2ኛ ማርሽ ተነሣ፤ ጎማው ላይ የሚደርሰው ጉልበት ይለዝባል። መኪናህ ላይ ለበረዶና ለእርጥብ መንገድ የተሠራውን ምርጫ አብራው፤ ነዳጅ አሰጣጡን ያበርድልሃል። መንሸራተትን የሚቆጣጠረውን ኮምፒውተር አታጥፋ። ከእ.ኤ.አ. 2012 ሞዴል ጀምሮ እዚህ አገር በአዲስ መኪና ሁሉ ላይ ግዴታ የሆነው በከንቱ አይደለም። ግን እሱም የሚያከፋፍልልህ ያለውን ደመወዝ ነው፤ አይጨምርልህም።

ነዳጁንም በድንገት አትልቀቅ፣ ማርሹንም በኃይል አትቀንስ። ሞተሩ ኋላ ጎማውን ሲይዘው መታጠፊያ ላይ የእጅ ፍሬን እንደሳብህ ይሆናል።

6. ጭራው ሲሄድ ዓይንህ አይከተለው።

የመጀመሪያው ዓመት ላይ፣ አሮጌ የኋላ ጎማ መኪና ሳለኝ፣ አረንጓዴ ሲበራ ቸኩዬ ነዳጅ ረገጥሁ። መኪናው እንደ እንዝርት ዞሮ የመጣሁበትን መንገድ እያየ ቆመ። ደግነቱ ሌሊት ስለነበር ከኋላዬ ማንም አልነበረም። ሦስት ጥፋት አጥፍቻለሁ፦ ደንግጬ ፍሬን ረገጥሁ፣ መሪውን እስከ መጨረሻው ጠመዘዝሁ፣ ዓይኔንም መብራቱ ምሰሶ ላይ ተከልሁ።

አንተ እንዲህ አድርግ፤ እግርህን ከነዳጁ በዝግታ አንሣ፣ ፍሬን አትንካ፣ ፍሪሲዮን ካለህ ርገጠው። መሄድ የምትፈልግበትን እይ፤ እጅህ ዓይንህን ይከተላል። መሪውን ወደዚያው አዙር፤ ጭራው መመለስ ሲጀምር ግን አንተም ቶሎ መሪውን መልስ። አለዚያ ወደ ሌላው ጎን ይወረውርሃል፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይከፋል።

ይህን በወረቀት አትማረውም። የመጀመሪያው በረዶ ሲወርድ ባዶ የመኪና ማቆሚያ ፈልግ፣ ባለቤቱን አስፈቅድ፣ ምሰሶ የሌለበትን መሐል ያዝ፣ በዝግታ ተለማመድ። እኔም አብሬህ እመጣለሁ።

7. ራቅ በል።

በደረቅ መንገድ 3 ሰከንድ የምትርቀውን በበረዶ 8 ወይም 10 አድርገው። የግድ መቆም ካለብህ ፍሬኑን ርገጥና እንደረገጥህ ያዝ፤ ከእግርህ ሥር ሲንቀጠቀጥ አትደንግጥ፣ ኤ.ቢ.ኤሱ ሥራውን እየሠራ ነው። እኛ በላዳ ዘመን እየረገጥን እየለቀቅን የምናደርገውን እሱ ከእግርህ በፈጠነ ያደርገዋል።

8. አሸዋ ጫን የሚሉህን በልክ ስማ።

ኋላ ላይ የአሸዋ ከረጢት መጫን የሚገፋውን ጎማ ያከብደዋል፤ ለመነሣት ይረዳል። ለመቆም ግን አይረዳም፤ የከበደ መኪና የሚቆመው በግድ ነው። ከጫንህ እንዳይንሸራተት በደንብ እሰረው። የጎማን ቦታ ግን አይተካም።

9. የከተማውን ሕግና የበረዶ ጠራጊውን አክብር።

ሚኒያፖሊስ የበረዶ አዋጅ ስታውጅ ነገሩ 3 ቀን ነው። በመጀመሪያው ሌሊት ከ9 ሰዓት ማታ እስከ 8 ሰዓት ጠዋት፣ በዚህ አገር አቆጣጠር፣ ምልክት በተደረገባቸው ዋና መንገዶች ላይ አይቆምም። በማግሥቱ በሌሎቹ መንገዶች የቤት ቁጥሩ ሙሉ በሆነው ጎን፣ በ3ኛው ቀን ጎደሎ በሆነው ጎን አይቆምም። ከረሳህ መኪናህን ጎትተው ይወስዱታል።

የበረዶ መጥረጊያ መኪና ከፊትህ ካለ ከኋላው በርቀት ተከተል፤ አትቅደመው። እኛ ሚኒባሱን «አባ ዱላ»፣ «ዶልፊን» እንደምንለው ሚኔሶታዎችም ለመጥረጊያ መኪኖቻቸው በየዓመቱ በሕዝብ ድምፅ ስም ያወጣሉ፤ በእ.ኤ.አ. 2021 አንደኛ የወጣው «ፕላዊ ማክፕላውፌስ» ነበር። ስሙ ቢያስቅህም ፊቱ ላይ ያለው ብረት አያስቅም።

10. ከተያዝህ አትታገል።

ጎማው በባዶ ሲሽከረከር በረዶውን ያሞቃል፣ ያቀልጣል፣ ጉድጓዱንም ያጠልቃል። ትንሽ አካፋ፣ አንድ ከረጢት አሸዋ፣ ብርድ ልብስ፣ ባትሪ ማስነሻ ገመድና የእጅ ባትሪ ያዝ። ማርሚታው በበረዶ ተቀብሮ ሞተር አታስነሣ፤ ጭሱ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ሽታ የሌለው መርዝም አለበት። መጀመሪያ ጥረግለት።

11. መቅረትም መንዳት ነው።

ከሁሉም የሚከብድህ ይህ ነው። ከገና እስከ ጥምቀት ያለው ጊዜ እዚህ የዓመቱ ብርድ የሚጠናበት ነው፤ እኛ ደግሞ ሌሊት ቤተ ክርስቲያን የምንሄድበት። በነጠላ ላይ ካፖርት ደርበህ፣ አዲሱን መኪናህን ለጓደኞችህ ልታሳይ እንደምትፈልግ አውቃለሁ፤ እኔም ወጣት ነበርሁ። ነገር ግን ያ መኪና ሲሠራ መሬቱን ቀርቦ እንዲሮጥ ነው፤ ጥልቅ በረዶ ሲመጣ ሆዱ ላይ ይቀመጣል፣ ጎማውም ይንሳፈፋል። የዚያን ቀን ጎማህ ደመወዝ የለውም፤ በብድር አታሠራው።

ደውልልኝ። የኔዋ አሮጌ መኪና ፊት ጎማዋ ይጎትታል፣ ማሞቂያዋም ይሠራል። መንገድ ላይ ሳለን እናትህ ከአዲስ አበባ ስትደውል ስልኩን አንተ ታነሣለህ፤ እኔ እጄ ከመሪው አይነሣም።

አጎትህ