ለተራበ ሰውነት ብዙ ምግብ ለምን አደጋ ይሆናል?

ውፍረትን ለመቀነስ የጨጓራ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ጎልማሳና በድርቅ ምክንያት ሰውነቱ የመነመነ ሕፃን ምን ያመሳስላቸዋል? አንዱ ምግብ የተትረፈረፈለት፣ ሌላው ምግብ ያጣ ነው። ነገር ግን ሁለቱም በሆስፒታል አልጋ ላይ በሚያሳልፏቸው የመጀመሪያ ቀናት የሚታዘዝላቸው አንድ ዓይነት ነው፤ በጥቂት በጥቂቱ የሚሰጥ ፈሳሽ ምግብ። በዚህ ጽሑፍ ምክንያቱን እንመለከታለን።

ጉዳዩን ከአገራችን ሁኔታ ጋር ለማገናዘብ ከዋግ ኽምራ እንነሣ። አበርገሌ በተከዜ ተፋሰስ የሚገኝ፣ በስሙ የሚጠራ የፍየል ዝርያ ያለው ወረዳ ነው። ዝናብ ሲጠፋ በመጀመሪያ ግጦሹ፣ ቀጥሎ የፍየሏ ወተት፣ ከዚያም የሕፃናቱ ክብደት ይቀንሳል። በ2014 ዓ.ም. ከአበርገሌ በጦርነት የተፈናቀሉ ቤተሰቦች በሰቆጣ ተጠልለው ነበር፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ወረዳውን ድርቅ መታው። መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን የምግብ እጥረት ለማስወገድ በ2007 ዓ.ም. የገባው ቃል «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» መባሉም ያለ ምክንያት አይደለም።

ሰውነት ሲራብ

ሰውነት ለቀናትና ለሳምንታት ምግብ ሲያጣ ቁጠባ ይጀምራል። በጉበት የተከማቸው ስኳር ካለቀ በኋላ ስቡንና የጡንቻውን ፕሮቲን ማቃጠል ይይዛል። ልብ፣ ኩላሊትና አንጀት ሥራቸውን ይቀንሳሉ፤ ኢንሱሊን የተባለው ሆርሞንም ያንሳል። በሕዋሳት ውስጥ የነበሩት ፎስፌት፣ ፖታሲየምና ማግኒዥየም ቀስ በቀስ ይመናመናሉ። ሆኖም በደም ምርመራ ሲታዩ መጠናቸው ደኅና ሊመስል ይችላል።

በዚህ ሁኔታ ላይ ያለ ሰው በአንድ ጊዜ ብዙ ቢመገብ ኢንሱሊን በድንገት ይጨምራል። ኢንሱሊኑ ስኳሩን ወደ ሕዋሳት ሲያስገባ በደም ውስጥ የቀሩት ማዕድናትም አብረው ይገባሉ። የደሙ ፎስፌት ሲያሽቆለቁል የልብ ምት ይዛባል፤ የመተንፈሻ ጡንቻዎች ይዝላሉ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ከእስር ካምፖች ነፃ ከወጡት ሰዎች መካከል ረሀቡን ተቋቁመው በጥጋባቸው ማግስት የሞቱ ነበሩ።

ሕፃኑ በሆስፒታል

ዕድሜው ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት የሆነ ሕፃን የላይኛው ክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር ካነሰ፣ ወይም በምግብ እጥረት ሁለቱም እግሮቹ ካበጡ፣ ከባድ አጣዳፊ የምግብ እጥረት አለበት ይባላል። የምግብ ፍላጎት ያለውና ሌላ ሕመም የሌለበት በቤቱ ሆኖ ከለውዝና ከወተት በተዘጋጀ ልዩ ምግብ ይታከማል። መብላት የተሳነው ወይም ሌላ ሕመም የተደረበበት ግን ሆስፒታል ወይም ጤና ጣቢያ መተኛት አለበት።

እዚያ የሚጀመርለት ኤፍ 75 የተባለው ወተት ነው። ቁጥሩ በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ 75 ኪሎ ካሎሪ መኖሩን ያሳያል። እብጠት የሌለበት 6 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን ለእያንዳንዱ ኪሎ በቀን 130 ሚሊ ሊትር ቢታሰብለት 780 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ይህ በስምንት ሲከፈል በየሦስት ሰዓቱ 100 ሚሊ ሊትር ገደማ ይደርሰዋል። ሌሊትም አይቋረጥም፤ ቢቋረጥ የደሙ ስኳር በድንገት ሊወርድ ይችላልና።

በዚህ ምዕራፍ ሕፃኑ እንዲወፍር አይጠበቅም። እንዲያውም እብጠት የነበረበት ሕፃን ክብደቱ ሲቀንስ የተጠራቀመው ውሃ እየወጣ መሆኑን ያመለክታል። «ልጄ እየከሳ ነው» ብላ የምትሰጋ እናት ይህ ሊነገራት ይገባል። ከጥቂት ቀናት በኋላ እብጠቱ ሲጎድልና የምግብ ፍላጎቱ ሲመለስ ምግቡ ይጠነክራል፤ ክብደት መጨመርም ያን ጊዜ ይጀምራል።

ቀዶ ሕክምና የተደረገለትስ?

ውፍረትን ለመቀነስ በሚደረገው በአንደኛው የቀዶ ሕክምና ዓይነት ለምግብ መቀበያ የሚተወው የጨጓራ ክፍል 30 ሚሊ ሊትር ያህል ብቻ ይይዛል። ታካሚው ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ቀን በሆስፒታል ይቆያል። ደም እንዳይረጋበት ቶሎ ተነሥቶ እንዲራመድ ይደረጋል። ምግቡ ከውሃና ከቀጭን ሾርባ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ወደ ለስላሳ፣ ከዚያም ወደ ጠጣር ምግብ ይሸጋገራል። የልብ ምት መፍጠን፣ ትኩሳትና የበረታ የሆድ ሕመም ከታዩ ስፌቱ አፍስሶ ሊሆን ስለሚችል ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል።

ለሳምንታት የሚያስታውከው ታካሚ ደግሞ ታያሚን (ቫይታሚን ቢ1) ያልቅበታል። ታያሚን ሳይሰጠው ግሉኮስ ቢገባለት አንጎሉ ሊጎዳ ይችላል። ሰውነቱ ገና ወፍራም ቢሆንም ሕዋሳቱ ተርበዋል። ከሕፃኑ ጋር የሚያመሳስለው ይህ ነው።

የአስታማሚ ድርሻ

በባህላችን ለታመመ ሰው ምግብ ይዞ መሄድና «በሞቴ!» ብሎ ማጉረስ የፍቅር መግለጫ ነው። በእነዚህ ቀናት ግን ያለ ትእዛዝ የሚሰጥ ጉርሻ ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ አስታማሚ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ምን ያህል? በየስንት ሰዓቱ?» ብሎ ነው። ለሕፃኑ የእናት ጡት አይከለከልም፤ ከወተቱ አስቀድሞ ይሰጠዋል። ጉርሻው ይቆየው፤ ሰዓቱ ሲደርስ ሌሊት ተነሥቶ የተለካችውን ወተት ማጠጣት ከጉርሻ ያላነሰ ፍቅር ነው።