የእብድ ውሻ ክትባት ለሌፕቶስፓይሮሲስ አይሆንም

ጥያቄ፦ የጎረቤታችን ውሻ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ፣ ሲያስመልሰው ሰንብቶ ሞተ። ሐኪሙ «ሌፕቶስፓይሮሲስ» አሉ። የእኛ ውሻ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ወስዷል፤ አይበቃውም?

መልስ፦ አይበቃውም፤ ይህ ሌላ በሽታ ነው። በሽታውን የሚያመጣው ባክቴሪያ በአይጥ፣ በከብትና በታመመ ውሻ ሽንት ይወጣል፤ በረጋ ውሃና በእርጥብ አፈር ለሳምንታት ይቆያል። በቁስል ወይም በአፍ ገብቶ ኩላሊትንና ጉበትን ይጎዳል። የራሱ ክትባት አለው፦ መጀመሪያ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ልዩነት ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ በየዓመቱ። ክትባቱ ሁሉንም የባክቴሪያውን ዓይነቶች ስለማይሸፍን፣ አይጥ የሚጠራ ትርፍራፊ ደጅ አያሳድሩ። ይበልጥ የምሰጋው ለቤተሰቡ ነው፤ በሽታው ወደ ሰው ይተላለፋል። የታመመ ውሻ ሽንት ያለ ጓንት አይንኩ፤ ቦታውን በበረኪና ያጽዱ። ውሻዎ ካተኮሰውና ምግብ እምቢ ካለ ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ይውሰዱት፤ አንቲባዮቲክ ቶሎ ከተጀመረለት የመዳን ዕድሉ ሰፊ ነው።